ጆንያ ግድግዳ አይነካም

አባቴ ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ የመጡት በሰኔ ወር፣ ቀኝ እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ጠዋት ጓሮ ወጥተው ጭቃው አንሸራቶ ጣላቸው፤ ጎረቤት እሳት ልትጭር መጥታ ስታገኛቸው ቀትር አልፎ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ዝናብ ወርዶባቸዋል። ወሬው ሲደርሰኝ እኔ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል እያገላበጥኩ ነበር። ያንን ፋይል የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ቀን በልቤ ማልኩ። እኚህ ሰውዬ ወደዚያ ቤት ብቻቸውን ተመልሰው አይገቡም። አለቀ!

ችግሩ እሳቸውም ምለዋል። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ፣ "ጀሶው ይፈታ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ" አሉኝ። እልህ የወረስኩት ከማን ሆነና! እናቴ በሕይወት ሳለች ስንከራከር ስትሰማ፣ ሁለታችሁን እቤት ቆልፎ ገበያ መሄድ ነው የሚሻለው እያለች ትስቅ ነበር። አሁን የምትስቅልን የለችም፤ ሁለት እልኸኞች ፊት ለፊት ቀረን።

የምኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። የፊተኛው ለእኔ መኝታም ሳሎንም ኩሽናም ነው፤ የኋለኛው የማይረባ ዕቃ የምከምርበት ነበር። አባቴን ያስተኛኋቸው እዚያ ነው። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ልስኑ የረገፈ፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ከሥር ይወጣና ግድግዳው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጠዋት ጠዋት አባቴ ተቀምጠው ከጋቢያቸው ላይ የግድግዳ ፍርፋሪ ሲያራግፉ አያቸዋለሁ። አንድ ቃል አይናገሩም። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ!

ለእኔ ያልተናገሩትን ለአከራዬ ተናገሩ። አከራዬ በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፤ ጨዋታ የምታውቅ የጅማ ልጅ ናት፤ አማርኛና ኦሮምኛ አፏ ውስጥ አንድ ላይ ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ያዘችኝ።

"ኦቦ፣ አባትሽ፣ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?"

"ምን አሉሽ?"

"በሰው ግድግዳ ሥር አልሞትም አሉኝ እኮ። ያ አላህ! እኔ ምን አጠፋሁ?"

"አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አልኳት። "ቆይ፣ ግድግዳው የራሳቸው ይሆናል።"

እንዴት እንደሚሆን ግን እኔም አላውቅም ነበር። አዲስ የቤት ዕቃ መግዛት የማይታሰብ ነው። ያኔ ነው ስልኬን የሙጥኝ ያልኩት። በዚያ ሰሞን በስልኬ የማየው ቪዲዮ ሁሉ የተጣለ ዕቃ አንስቶ ቤት ስለማሳመር ነበር፤ አንዲት ፈገግታዋ የማይጠፋ የፈረንጅ ልጅ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የወደቀውን ሁሉ አንስታ ሳሎን ታደርገዋለች። እኔስ ምን ያንሰኛል አልኩ። ያንሰኝ የነበረውን ነገር ኋላ ነው ያወቅሁት።

መጀመሪያ የሠራሁት ከአሮጌ የመኪና ጎማ መቀመጫ ነው። ጎማውን አጥቤ፣ በሲባጎ ጠምጥሜ፣ መሐሉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ እሑድን ሙሉ ስታገል ውዬ ስጨርስ እንዴት እንደሚያምር! አባባ ይቀመጡ አልኳቸው። ክራንቻቸውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ መነሣት አቃታቸው። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። እኔና አከራዬ ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘን ስናነሣቸው፣ "ይሄ ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ነዋ!"

"እ" አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

የዚያን ሰሞን የሠራሁት ሁሉ የገጠመው ይኸው "ለማን ነው" ነው። ቢጫ የዘይት ጄሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ ሥሩን በስቼ፣ አበባ ተክዬ መስኮታቸው ላይ ደረደርኩ። ለማን ነው? ከተሰባበረ የዕቃ መጫኛ ፓሌት እንጨት መደርደሪያ ሠርቼ ራዲዮናቸውን አስቀመጥኩበት። ለማን ነው? እኔ እሄዳለሁ፣ ለማን ትለፊያለሽ ማለታቸው ነው። ደሜ ይፈላ ነበር። እሳቸው "ለማን ነው" ባሉ ቁጥር እኔ ሌላ እጀምራለሁ። እግራቸው ሳይድን ክፍሉን መጨረስ ነበረብኝ፤ ጊዜው እየሮጠ ነው።

ከዚያ ጆንያው መጣ። እዚህ ላይ ስለ አባቴ ሥራ መናገር አለብኝ። አባቴ ከሸዋ ገና በወጣትነታቸው ቡና ፍለጋ ወደዚህ አገር መጥተው፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሰፉና ሲደረድሩ ነው። የተቀደደ ይጥፋሉ፣ አፉን ይሰፋሉ፣ ይደረድራሉ። ማታ ሲመጡ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር የቃጫ ብናኝ ነበር። ትምህርት ቤት "የጆንያ ሰፊው ልጅ" ይሉኝ ነበር፤ እኔም አፍር ነበር። አዎ፣ አፍር ነበር፤ ዛሬ ምን ይደበቃል? አንድ ቀን ምሳዬን ሊያቀብሉኝ መጥተው በሩ ላይ ጓደኞቼ ፊት እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኳቸው። አይተውኛል። ምሳውን ለዘበኛው ሰጥተው ሄዱ፣ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

አሁን ደግሞ ያቺ የስልክ ልጅ የቡና ጆንያ ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ መጋረጃ አድርጋ፣ ትራስ አልብሳ ስትሽሞነሞን አየሁ። ኧረ ጉድ! እኛ አገር ጆንያ ሞልቶ! ደግሞም አባቴ ዕድሜ ልካቸውን አብረውት የኖሩት ነገር ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። በምሳ ሰዓት ሐሙስ ገበያ ሄጄ ያረጁ ጆንያዎች ተሸክሜ መጣሁ። በመቀስ ሸረከትኳቸው፤ የፉርኖ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ፤ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጠፍኩት። ጠርዙ ቢንጨባረርም ፍርፋሪው በአንድ ቀን ቆመ። አባቴ ስሠራ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠው ነበር። ያን ቀን "ለማን ነው" እንኳን አላሉም። እኔ ሞኟ ወደዱት ብዬ ደስ አለኝ።

ዝናቡ ሐምሌን ሙሉ ሳያባራ ሰነበተ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የቆየ ሊጥ የመሰለ። ከዚያ በጆንያው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ። ነጠብጣቡ ሰፋ፤ ከሥሩ በረሮ መመላለስ ጀመረ። አባቴ ማሳል ጀመሩ። አይኔ እያየ ላድናቸው ያመጣኋቸውን ሰውዬ በሻጋታ ልገድላቸው ነው! አንድ ቅዳሜ በቢላዋ ልፍቀው ወንበር ላይ ስወጣ፣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ። የአባቴን እንዲህ ያለ ድምፅ ከመጋዘን ከወጡ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

"አውርጂው!"

"አባባ፣ ትንሽ ብፍቀው..."

"አውርጂው አልኩሽ! ጆንያ ግድግዳ አይነካም! ማነው ይሄን ያስተማረሽ?"

"ስልክ ላይ ነው ያየሁት።"

"ስልክ!" አሉ፤ ክራንቻቸውን መሬት ላይ መቱት። "ስልኩ መጋዘን ሠርቶ ያውቃል? ጆንያ መሬት አይነካም፣ ግድግዳ አይነካም። ክንድ ያህል ቦታ ይተውለታል፣ ነፋስ ይዞርበታል። ግድግዳ የነካ ጆንያ ውሃ ይስባል፤ ውሃ የሳበ ቡና ይሸታል፣ ይጣላል። አንድ ጆንያ አስጠግቶ በመደርደሩ ከሥራ የተባረረ ሰው አውቃለሁ እኔ!"

"ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም ታዲያ?" እኔም ጮህኩ። "እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠው!"

ቀጥሎ የተናገሩት ግን በዝግታ ነበር።

"እኔ ጆንያ የሰፋሁት ልጄ ጆንያ እንዳታነጥፍ ነው። አንቺ ገዝተሽ አምጥተሽ ራስጌዬ ላይ ለጠፍሽብኝ። ይሁን አልኩ፣ ዋጥኩት። አበላሽቶ መሥራትን ግን አልውጥም። ይሄ ምንድነው? በመቀስ ተቆርጦ? አይጥ የበላው ነው የሚመስለው!"

ከወንበሩ ወረድኩ። ያኔ በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዳላየሁ ያለፍኳቸው ትዝ አለኝ። ይቅርታ ማለት ፈለግሁ። ከይቅርታው ይልቅ የወጣኝ፣ "እንዴት ነው የሚቆረጠው ታዲያ? ያሳዩኝ!" የሚል ቁጣ ነው።

"አምጪው" አሉ።

አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ከተረፉት አንድ ጆንያ ጭናቸው ላይ ዘረጉ። አንድ ክር በጥፍራቸው ያዙና ሳቡ፤ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመዘዘ፣ ጆንያው ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን መንገድ ቀረ። "አሁን በዚህ መንገድ ሂጂ" አሉኝ። በመቀሱ ሄድኩበት። አንድ ክር አልተንጨባረረም። ዕድሜ ልኬን የጆንያ ሰፊ ልጅ ሆኜ ይህን አለማወቄ አናደደኝ፤ እጄ ግን ደስ አለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሥራ ነበር። በማግስቱ ሻጋታውን ሁሉ ልጠን አቃጠልነው፤ ግድግዳውን አከራዬ በነጭ ጭቃ መረገችልን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሸቤ ካሉ ዘመዶቿ ያረጁ የቡና ማድረቂያ ቆጦች እንጨት አስመጣችልኝ፤ ቡና እየተሰጣበት ብዙ በጋ የደረቀ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። አባቴ ተቀምጠው ያዛሉ፣ እኔ እመጋዛለሁ፣ እመታለሁ። ጆንያው ሁለቴ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጠርዙ ታጥፎ በወፍራም የጆንያ መርፌ ይሰፋል። ያን መጀመሪያ እሳቸው ሰፍተው አሳዩኝ፤ ኋላ መርፌውን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ በእንጨቱ ፍሬም ላይ ወጥረን እንደ ከበሮ እናጠብቀዋለን። ከፍሬሙ ጀርባ ጉማጅ እንጨት ስላለ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል በመካከሉ እጅ ያስገባል። ነፋስ ይዞርበታል።

ጥል አልቀረም። አሁን ከሥራ ስመለስ የማገኛቸው በር በሩን ሲያዩ ነው፤ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ትናንት የሠራሁት ስፌት ተፈቶ ይጠብቀኛል። "ይሄ ስፌት ነው? ይሄ ማጭበርበር ነው" ይሉኛል። አንድ ጊዜ አንድ ፍሬም ሦስቴ አስፈቱኝ። ጣቴ ደም እስኪያወጣ ሰፋሁ፤ ምን ቆርጦኝ ተውኩት እላለሁ? ትልቁ ጥል ግን በጽሑፉ ነው። በጆንያው ላይ የታተመው ጥቁር ጽሑፍ እንዲታይ እኔ ፈለግሁ፤ ስልክ ላይ እንደዚያ ነውና። እሳቸው ገለበጡት።

"ጽሑፉ ነው የሚያምረው፣ አባባ!"

"ማኅተም ያለበት ጆንያ ባለቤት አለው። የሰው ስም ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም።"

ግድግዳዬ! እንደ ሰማሁ ሮጬ ወጥቼ ለአከራዬ ነገርኳት። ግድግዳዬ አሉ እኮ፣ በጆሮዬ ሰማሁ፣ አልኳት። ሁለታችን ግቢው መሐል እንደ ልጅ ዘለልን።

መስከረም ሲጠባ ክፍሉ አለቀ። ገብታችሁ ብታዩት! ሦስት ግድግዳ በጆንያ ፍሬም ተሸፍኖ፣ ክፍሉ የብስል ስንዴ መልክ ይዞ፣ ፍርፋሪ የለ፣ ሽታ የለ። በዚያው እንጨት መነሣት የሚያስችል፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ሠራን። አከራዬ ገብታ ዙሪያውን ዞረች፣ ጣቷን ከፍሬሙ ጀርባ ሰደደች። "ማሻ አላህ! ወላሂ ለእኔም ሳሎን ትሠሩልኛላችሁ" አለች። አባቴን ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አየኋቸው፤ ሲኮሩ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። በልቤ፣ አሸነፍኩ አልኩ።

ጀሶው ቀድሞ ተፈትቷል። መስቀል ዋለ። ዝናቡም ቆመ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሥራ ስመለስ በር ላይ አባቴ የሉም። አከራዬ ልብስ ማጠቢያው ጋ ቆማ እጇን ታፋትጋለች።

"ዴመኒሩ" አለችኝ፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል። "ሄደዋል። ጠዋት አንቺ እንደ ወጣሽ። ሊሙ እሄዳለሁ አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ ልያዛቸው?"

ክፍላቸው ገባሁ፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ክራንቻው ጥግ ላይ ቆሟል። ስልካቸውን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ያን ሁሉ የለፋሁበትን ግድግዳ እያየሁ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሆድ ባሰኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን ነው ይሉኝ የነበረው እውነት ነው፣ ለማን ኖሯል የሠራሁት? ለራሴ ነው እንዴ? ያኔ በትምህርት ቤት በር ላይ ያደረግሁትን በመዶሻ ልክስ ብዬ?

ቢሆንም አልተውኩም። በማግስቱ ቅዳሜ በጠዋት ተነሥቼ መናኸሪያ ወረድኩ። ሄጄ፣ ጎትቼ፣ ካልሆነም ተሸክሜ አመጣቸዋለሁ። እምቢ ካሉም እዚያው እቀመጣለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ እንደፈለገ ያድርገኝ። ሊሙ ገነት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣ እስኪሞላ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ፣ ምን ብዬ እንደምጮህባቸው ቃሉን አዘጋጃለሁ።

ከሊሙ የሚመጣው መኪና ገባና ከፊታችን ቆመ። መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ከጣሪያው ላይ፣ ከሙዝና ከከሰል መሐል፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ የእንጨት በር በገመድ ታስሮ ተጋድሟል። የቤታችን በር! የተወለድኩበት ቤት በር፣ ከነማጠፊያው! ከዚያ በኋላ ነው አባቴን ያየኋቸው፤ ከጋቢናው እያነከሱ ወርደው ረዳቱ ላይ ይጮሃሉ።

"ቀስ! ቀስ ብለህ አውርደው፣ ጥግ ጥጉን እንዳትመታው!"

ከሚኒባሱ ዘልዬ ወረድኩ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

"አባባ! ምንድነው ይሄ?"

"በር ነዋ" አሉ፣ እኔን እዚያ ማግኘታቸው ምንም ሳይገርማቸው። "ዋንዛ ነው። እዚህ የሚሸጥልሽ ጣውላ ሁለት ክረምት አይችልም። ለጠረጴዛ እንዲህ ያለ አታገኚም። ሰው ሲመጣ ሳህኑን ጭኑ ላይ ይዞ ነው የሚበላው፤ ያሳፍራል።"

"ከቤቱ ነቅለው?"

"ከሌላ ሰው ቤት ልንቀል?"

"ሲመለሱስ ቤቱን በምን ይዘጋሉ?"

አባቴ ረዳቱ ያወረደውን በር በአንድ በኩል ይዘው፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"ማነው የሚመለሰው?" አሉኝ ተቆጥተው። "ይልቅ በዚያ በኩል ያዢ፤ ከባድ ነው።"

እያለቀስኩ ያዝኩላቸው።